ፈንጣጣ ፍለጋ ወደ ሽንዲ

ሰው መንገድ የሚወጣው በሽታ ሽሽት ነው እንጂ በሽታ ፍለጋ አይደለም። እኔ ግን በጣልያን ጊዜ ልጄን በአህያ ጭኜ ፈንጣጣ ፍለጋ ወደ ወምበርማ ወርጃለሁ። ያን አገር ለማያውቁ፣ ወደፊትም ለማየት ምክንያት ለማያገኙ ዘመዶቼ ነው ይህን የምጽፈው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ታላቅ እኅቴ ሐዋ "ሰይድ ዝናቡ ሳይመጣ ይበሰብሳል" ትለኛለች። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ጅብ የሚያህል ውሻ ብታገኙ፣ ውሻው ውሻ ነበር።

ቤታችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው ከተማ ነው፤ ያኔ ይህ ስም ገና አልወጣላትም። ጥጥና አቡጀዲ እሸጥ ነበር። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ጣልያን ለመንገድ ሥራ ከየአገሩ በሰበሰባቸው ሰዎች መካከል ፈንጣጣ ገባ። ከሠራተኞቹ ድንኳን ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ሰፈራችን መጣ። ባለቤቴ ራህማ ገና አራስ ናት፤ ስድስት ዓመት የሆናት ልጃችን ዘሀራ ደግሞ አልተከተበችም።

የዛሬ ሰው ክትባት ሲባል መርፌ ይመስለዋል። የእኛ አገር የጥንቱ ክትባት እንዲህ ነበር፤ ፈንጣጣው ቀለል አድርጎ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሹ ይወሰዳል፣ ከማር ጋር ይለወሳል፣ የጤነኛውን ክንድ ጫር ጫር አድርገው እሱን ይቀቡታል። የተከተበው ይታመማል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሕመሙ ቀላል ነው፣ ከዚያ በኋላም ፈንጣጣ ዳግመኛ አይነካውም። ብዙውን ጊዜ አልሁ እንጂ ሁልጊዜ አላልሁም። በዚያው የሚሞትም ነበር።

ሰፈራችን የገባው ክፉው ዓይነት ስለሆነ ከእሱ ዘር አይወሰድም። ወምበርማ ውስጥ፣ ሽንዲ አጠገብ ግን ቀለል ያለ ፈንጣጣ እንዳለ፣ አያ ወርቁ የሚባሉ ከታቢም እንዳሉ ከዚያው የመጡ ነጋዴዎች ነገሩን። ቁጭ ብለን ክፉውን ከምንጠብቅ ሄደን ደጉን እንፈልግ ተባለ። እንዲህ ያለ ምክር የምትሰጥ ሐዋ ናት።

ሰኞ ማለዳ ወጣን። አራስ ደጅ አትወጣምና ራህማ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና ተሰናበተችን። ሐዋን "እታለም፣ ልጄን አደራ" አለቻት፤ ከዚያም "ፊቷንም አደራ" አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ እናት ናት። ሐዋ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

ሐዋ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። በልጅነቷ የያዛት ፈንጣጣ ከግንባሯ እስከ አገጯ አንድ ጣት የሚያሳርፍ ለስላሳ ቦታ አላስቀረላትም። ሠርግ ቤት ስትጠራ ወጥ ቤት ገብታ ትውላለች። አንድ ጊዜ ሊያጫት የመጣ ሰው ነጠላዋን ስታነሣ አየና "ፈረሴን ላስር" ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይህን እሷ ራሷ እየሳቀች ታወራዋለች፤ እኔን ግን አንድም ቀን አስቆኝ አያውቅም።

የጣልያኑ መንገድ ገና ጠጠሩ አልረጋም። ካሚዮን በመጣ ቁጥር አህያችን ቦይ ውስጥ ትገባለች፤ እኔም ልጄን ለመያዝ ተከትዬ እገባለሁ። ሐዋ ከላይ ቆማ "ኧረ የትኛችሁ ነው አህያው?" ትላለች። ዘሀራ ትስቃለች። እኔ ግን በሳቀች ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ በሽታው ከቤት ተከትሎን መጥቶ እንደሆነስ?

ማንኩሳን አለፍ ብላ ካለች መንደር ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መግቢያው ላይ እሾህ ተጋድሟል፤ ከእሾሁ ማዶ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል። በእኛ ከተማ እንግዳ ሲመጣ የሚጮኸው ውሻ ብቻ ነው። እዚህ የበሽታው ወሬ ቀድሞን ደርሶ ኖሯል።

"ፊታችሁን አሳዩ!" አሉን ሽማግሌው።

ሐዋ እያመነታች ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። ሽማግሌው አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንቺ ጨርሰሻል፤ ግቢ። አንተስ?"

እጅጌዬን ሰብስቤ ከልጅነቴ ጀምሮ ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ አሳየኋቸው።

"አንተም ግባ። የልጅቷ ፊት ግን ያልተነካ ነው። አትገባም።"

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ፈንጣጣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንደማይዝ ማንም ገበሬ ያውቃል። ስለዚህ ፊቱ የተበሳሳ እንግዳ አያስፈራም፤ ፊቱ የጠራው ግን ነገ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ሰው በደህናው ቀን የሚሳለቅበት ፊት በክፉ ቀን የይለፍ ወረቀት ሆኖ አረፈው። ሐዋ ነጠላዋን ወደ ላይ ልትመልስ እጇን አነሣችና ተወችው።

ዘሀራ "አባ፣ ፊቴ ምን ሆነ?" አለችኝ።

ጭቅጭቁን ሰምተው አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ መጡ። ፈንጣጣ የእሳቸውን አንድ ዓይን ወስዷል። "ቤቴ ኸዳር ነው፤ እኔም ሚስቴም ጨርሰናል፤ ልጅ የለብን። እኔ ዘንድ ይደሩ" አሉ። ሽማግሌው እያጉረመረሙ እሾሁን በዱላቸው ገፋ አደረጉልን።

አያ ደሴ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላሞች ነን፤ ያረዱትን እንደማንበላ ያውቃሉ። ቆሎ ያቀርቡልናል ብዬ ስጠብቅ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ከነቢላዋው እጄ ላይ አኖሩ። "በሉ በራስዎ እጅ ይባርኩት። ድስቱም ኸእስላም ጎረቤት የመጣ ነው፤ አይጠራጠሩ" አሉኝ። መጠራጠሬ ፊቴ ላይ ይታይ ነበር ማለት ነው። ገመዱን ስፈታ ዶሮው አመለጠኝ። ባለ አንድ ዓይኑ አባወራና እኔ በጓሮው ጎመን መካከል ስናባርረው ዘሀራ በሳቅ ፈረሰች። ከቤት ከወጣን ወዲህ ፍርሃቴን ለጥቂት ጊዜ የረሳሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ቡሬ ገባን። በእኛ ከተማ ጣልያን እንደ መንገደኛ ድንኳን ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ቡሬ ላይ ግን ምሽግ ሠርቶ፣ ኬላ አቁሞ እንደ ባለርስት ተቀምጧል። እዚያ ምሽግ ውስጥ የፈንጣጣ መርፌ እንዳለ ሰምቻለሁ። መርፌው ያመክናል የሚሉ አሉ፤ ምሽጉ የገባ ስሙ ተጽፎ ይቀራል የሚሉም አሉ። መንገዱን ሙሉ ስፈራው የመጣሁት ይህንን ነው። የአገሬው ክትባት ይገድላታል ብዬ እፈራለሁ፣ የጣልያኑ ያመክናታል ብዬ እፈራለሁ፣ ሁለቱንም ብተው ደግሞ ፈንጣጣው አለ። በመጨረሻ ሐዋ ክንዴን ይዛ ኬላው ድረስ ወሰደችኝና አስተርጓሚውን ጠየቅነው።

አስተርጓሚው ቀጭን፣ ሲናገር የሚቸኩል ሰው ነው። "የእነሱ መድኃኒት ከላም ነው የሚመጣው" አለን። "ላም ጡት ላይ የሚወጣ ፈንጣጣ መሰል ቁስል አለ። እሱ የነካው ሰው ኸሰው ፈንጣጣ ይድናል።"

ሐዋ "ኧረ ተወኝ! ስንት ላም አልቤ፣ ያችን ላም ሳላገኝ ቀረሁ?" አለች።

እኔ ላሙን ትቼ "ታዲያ ልጄን ይወጉልኛል ወይ?" አልሁ።

"መድኃኒቱ ሞቷል።"

"መድኃኒት ይሞታል እንዴ?"

"ይሞታል እንጂ። ሙቀት ይገድለዋል። ኸአሥመራ በካሚዮን ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ።"

"ሌላ መቼ ይመጣል?"

አስተርጓሚው ወደ ምሽጉ ጠቆመና "እነሱ ያውቃሉ" አለ። ይህን ስሰማ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ፣ ዛሬም አልለየሁትም። አንድ በር ተዘጋልኝ፤ የምመርጠው ነገር ስላልቀረ ግን እግሬ ቀለለኝ።

ያን ቀን ያሳደረን የእኔው ቢጤ ነጋዴ ነው፤ ፈንጣጣ እንዳይዘው የሚሰጋለት ልጅ ስላለው ቤቱ አላስገባንም፣ ተቆጥቶም አላባረረን። የበርበሬ መጋዘኑን ከፈተልን፤ ሚስቱ ትኩስ ገንፎ ከነቅቤው ደጃፉ ላይ አኑራ ራቅ ብላ ቆማ "ብሉ እንጂ!" እያለች ስትለምነን አመሸች። ጠዋት ኬላው ላይ ሦስታችንም ማስነጠስ ጀመርን። ኬላ የሚጠብቀው አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ "በሽተኞች!" ብሎ ጠመንጃውን አዞረብን። እኔ ከአህያዋ ጀርባ ተሸሸግሁ። ሐዋ ግን የተኛንበትን ቡልኮ ዘረጋችና አፍንጫው ሥር አራገፈችው። አስካሪው እያስነጠሰ፣ ዓይኑን እያሸ፣ በእጁ ሂዱ ሂዱ አለን።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የፈጣምን ወንዝ ተሻገርን። በእኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት ሰው ጋቢውን አይጥልም፤ እዚህ ግን ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ኑጉ አብቧል፣ ዳጉሳው አሽቷል፣ አገሩ ጥጋብ ነው። አህያዋ ከወንዙ ከጠጣች በኋላ ከአፍንጫዋ ደም ይወርድ ጀመር። ሞተች ብዬ ጮህሁ። ሐዋ አፍንጫዋን ይዛ አየችና አልቅት ናት አለች። አልቅት ስትገባ ክር ታህላለች፤ ደም ስትጠግብ ጣት ታህላለች። ሐዋ አህያዋን ውኃ ከለከለቻትና ቆይታ አንድ ገንቦ ውኃ አፍንጫዋ ሥር አቀረበችላት፤ አልቅቷ ውኃውን ሽታ ብቅ ስትል በጨርቅ ይዛ መዘዘቻት። ዘሀራ "እኔም ውስጥ አለች?" እያለች እስከ ማታ አፍንጫዋን ስትነካ ዋለች፤ እኔም በድብቅ የራሴን ነካሁ።

ከወንዙ ማዶ ጠጉራቸው ያደገ ሦስት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ከቁጥቋጦ ወጡ። ባንዳ ከሆኑ ወዴት ነው ይሉኛል፣ አርበኛ ከሆኑ ከጣልያን ኬላ ምን ይዘህ መጣህ ይሉኛል። ሁለቱም መልስ ያሳስራል። ሐዋ ቀደመችኝ፤ "ፈንጣጣ ልናስከትብ ነው" አለች። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሹ። አርበኞች ነበሩ። አንደኛው ገና ጢሙ ያልበቀለ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ "እቴ፣ ለእኔም የሚሆን ዘር ብታገኙ ላኩልኝ" አላት። "ጥይት ሊስት ይችላል፤ ይኼ ግን አይስትም።" መንገዱን አሳዩንና ጠፉ።

ሐሙስ ሽንዲ ደረስን። አያ ወርቁ የሚከተቡ ሰዎች የሚቆዩባትን ጎጆ ከመንደሩ አርቀው በማሳ ዳር ነው የሠሯት። ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። በፊት የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ፤ የተከተበ ልጅ ሕመሙ ቢቀልም ላልያዘው ሰው የሚያጋባው ግን እውነተኛውን ፈንጣጣ ነው። "ቅርፊቱ ወድቆ እስኪያልቅ ኸዚህ ጎጆ አትወጡም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በሽታውን የደበቀ መንደር ይፈጃል" አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው።

አያ ወርቁ አማተቡ፣ እኔ ቢስሚላህ አልሁ። ከታመመ ጎረምሳ ያመጡትን ፈሳሽ ከማር ጋር ለውሰው የዘሀራን ክንድ ጫሩና ቀቡት። አላለቀሰችም። "ሳይነካ ይድረቅ" አሉ። እኛም ዞር ብለን ስለ ምግብ እንነጋገር ጀመር፤ የክርስቲያንና የእስላም ዕቃ እንዴት ይለያል፣ ማን ያመጣል እያልን። ዘወር ስል ልጄ ክንዷን አፏ ውስጥ አድርጋለች።

"ዘሀራ!"

"ይጣፍጣል" አለችኝ።

ማሩን ልሳ ጨርሳዋለች። አያ ወርቁን "ዋጠችው! ምን ይሆናል?" አልኋቸው።

እሳቸውም ክንዷን ይዘው አዩ። "ይህን ያህል ዘመን ስከትብ ሁሉም በሕመሙ ሲያለቅስ ነው የማየው። የላሰ አላየሁም። አላውቅም።"

"አልያዘ እንደሆነ ይድገሙላት።"

"ይዞ ከሆነስ? በአንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ልዝራ? እንጠብቅ።"

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አይደለም፤ መጠበቅ ነው። ስትተኛ ክንዷን አያለሁ፣ ስትነቃ አያለሁ። ምንም የለም። ትበላለች፣ ትዘላለች፣ ከአህያዋ ጋር ትጫወታለች። ከሰኞ ጀምሮ ትኩሳት አያምጣ ብዬ ስለምን የነበርሁት ሰው አሁን በየሰላቱ ያ አላህ ልጄን አሳምምልኝ እል ጀመር። አባት እንዲህ ያለ ዱዓ ያደርጋል? አደረግሁ። አፈርሁም፣ ግን አደረግሁ።

የመንደሩ ሰው ፊታችንን ሳያይ ይመግበን ነበር። በየቀኑ አንዲት ሴት ምግቡን ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ታኖርና "እስላሞች! ሽሮ ነው፤ ሥጋ አልነካውም!" ብላ ጮኻ ትመለሳለች። መልኳን አላውቀውም፤ ድምፅዋን ግን ዛሬም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ሳምንቱ ሲሞላ ዘሀራ ቁርስ እምቢ አለች። ግንባሯን ነካሁት፤ ይፋጃል። ሐዋ "እንኳን ደስ ያለህ" አለችኝ። ልስቅ ስል እንባዬ መጣ። ክንዷ ላይ፣ ልክ በተጫረው ቦታ ቁስሎቹ ብቅ ብቅ አሉ። ዘሩ ይዟል።

ትኩሳቱ ግን ጨመረ። ማውራት አቆመች፤ ዓይኗ እያየኝ አያየኝም። አያ ወርቁ ሲመጡ ፊታቸውን እመረምራለሁ፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ፊታቸውን አይሰጡኝም። የለመንሁትን አገኘሁ፤ አሁን ውሰደው ብዬ መለመን ከበደኝ። ሐዋ ብቻ ከአጠገቧ አልተነሣችም። ጨርቅ በውኃ እየነከረች ግንባሯ ላይ ታኖራለች፣ ጣቶቿን እንዳታክ ይዛ ትቀመጣለች።

"እኔ ስታመም" አለች አንድ ቀን ከሰዓት፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እጄን የሚይዝ ሰው ጠፋ። በሽታው አልያዛቸውም ነበርና ፈሩ። አልፈርድባቸውም። ዳር ጎጆ አድርገውኝ ምግቡን በእንጨት ይገፉልኝ ነበር። እንግዲህ ይህን ፊት የተሸከምሁት ዛሬ እሷን እንድይዛት ይሆናል።" ወጣሁና ከአህያዋ ጎን ቆሜ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት ዘሀራ ዓይኗን ገልጣ "ማር አለ?" አለች። ሐዋ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም።

ቁስሉ ከክንዷ አልፎ ሆዷና እግሯ ላይ ጥቂት ወጣ፤ ፊቷን ግን አልነካውም። ቅርፊቱ ወድቆ እስኪያልቅ ጎጆአችን ውስጥ ቆየን። ዘሀራ የታመመችበትን ልብስ አቃጠልን፤ አያ ወርቁ ለክትባቱ ዋጋ ከሰጠኋቸው አቡጀዲ ላይ ቀደው ለልጅቷ አዲስ ቀሚስ አሰፉላት። ስንሰናበት ክንዷን አገላብጠው አዩና "ሁለተኛ የምትልሺው ማር ያለ ፈንጣጣ ይሁንልሽ" ብለው መረቋት።

የመልሱ መንገድ አጭር ነው። ቡሬ ላይ ያ ነጋዴ በዚህ ጊዜ ቤቱ አስገባን፤ የበርበሬው መጋዘን ስሙ ሲነሣ ሦስታችንም አስነጠስን። ማንኩሳ አጠገብ ስንደርስ እሾሁም ሽማግሌውም እንደ ነበሩ ናቸው። ሐዋ ሳትጠየቅ ፊቷን አሳየች። ሽማግሌው ዘሀራን አዩና "የልጅቷ ፊት ያው ያልተነካ ነው፤ አትገባም" አሉ።

ክንዷን ገልጬ ጠባሳውን ከማሳየቴ በፊት ዘሀራ ልቅሶዋን ለቀቀችው። በሕመሟ ሁሉ እንዲህ አላለቀሰችም።

"እኔም እንደ አክስቴ ያለ ፊት እፈልጋለሁ!" አለች። "እሷን ሁሉም ያስገባታል። እኔን ማን ያሳድረኛል?"

ሽማግሌው ዱላቸውን አስቀምጠው እሾሁን በእጃቸው አነሡልን። አያ ደሴ ዘንድ ዶሮው እንደገና ቀረበልኝ፤ በዚህ ጊዜ አላመለጠኝም። ሐዋ ግን ስትበላም ስትተኛም ዘሀራን ከጎኗ አልለየቻትም።

ከተማችን የደረስነው በገበያ ቀን ነው። ክፉው ፈንጣጣ ጋብ ብሎ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል፤ ብዙው የሚያውቀን ነው፣ ከዚያው መካከል ሐዋ ላይ በልጅነቷ የሳቀም አለ። ከሩቅ የቤታችን ደጅ ይታያል፤ ራህማ ከአራስ ቤት ወጥታ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። ሐዋ እንደ ልማዷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ዘሀራ ይህን ከአህያዋ ላይ ሆና አየችና በጣም ደነገጠች። ጎንበስ ብላ የነጠላውን ጫፍ ያዘች።

"አክስቴ፣ ግለጪው እንጂ! እንዳይከለክሉን!"

ሐዋ ቆመች። እኔም አህያዋን አቆምሁ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ከፊት ከፊታችን እየሄደች በገበያው መካከል አለፈች።